ብረት ያለ ከሰል

የብረት ማዕድን ብረትና ኦክስጅን የተቆራኙበት ድንጋይ ነውና እሳት ብቻውን አይበቃውም፤ ኦክስጅኑን የሚነጥቅለት ሌላ ነገር ይፈልጋል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የአገራችን ብረት ሠሪዎች ይህን ሥራ የሚያሠሩት የእንጨት ከሰልን ነበር። ማዕድኑንና ከሰሉን በሸክላ ምድጃ ደርበው በወናፍ ሲያናፉበት ከሰሉ ኦክስጅኑን ይዞ በጢስ ይወጣል፤ ብረቱ ሳይቀልጥ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮ ይቀራል፤ ትኩሱን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ዝቃጩን ያስለቅቁታል። የዛሬዎቹ ግዙፍ ምድጃዎች በእንጨቱ ምትክ የድንጋይ ከሰል አስገቡ እንጂ ነጣቂው ያው ካርቦን ነው። በዓለም ላይ 1 ቶን ብረት በተመረተ ቁጥር በአማካይ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቀቀውም በዋናነት ከዚህ የተነሣ ነው። ስዊድኖች ሃይብሪት ባሉት ፕሮጀክት የከሰሉን ሥራ ለሃይድሮጅን ሰጥተው በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ብረት ለቮልቮ አስረከቡ። ከምድጃቸው የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ነው፤ የሚቀረው ደግሞ፣ የሚያስደንቀው ነገር፣ ያው የጥንቱ የተቦረቦረ ብረት ነው፤ እሱን በኤሌክትሪክ ያቀልጡታል።

ለደብረ ብርሃን ሕንፃዎች ፌሮ ግን የቅርቡ መንገድ ይህ አይመስለኝም። ሃይድሮጅኑን ከውሃ መለየትን ጨምሮ በስዊድኑ ዘዴ 1 ቶን ብረት 3,500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቁራሌው የሰበሰበውን ውዳቂ ብረት ማቅለጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ700 አያልፍም። ኦክስጅኑ ቀድሞ የወጣለት ብረት ነውና ነጣቂ አያሻውም፤ ኤሌክትሪካችን ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው። ውዳቂው አይበቃም የሚል ሰው እውነት አለው፤ ግንባታዋ ገና የሆነ አገር አሮጌ ብረቷ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉድለቱን ከውጭ በሚመጣ ውዳቂ መሙላት፣ ሃይድሮጅኑንም ርካሽና የተትረፈረፈ ኃይል እስኪኖር ማቆየት ይሻላል። ብራዚል እንደምታደርገው በሰሜን ሸዋ ባሕር ዛፍ ከሰል ለምን አንሠራም የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። በአፈር ተደፍኖ ከሚከሰል 5 ኪሎ እንጨት 1 ኪሎ ከሰል ቢገኝ ብዙ ነው፤ ባሕር ዛፉም የገበሬው ጥሪት፣ የከተማው ማገዶና አጣና ነው።

መብራቱ ቅድሚያ ለቤት ይሁን የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። 5,150 ሜጋዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ቢመረቅም መብራት ያልደረሰው ቤት ገና ብዙ ነው። ሆኖም የገጠሩን ቤት በአብዛኛው የሚያስቸግረው የመስመር አለመዘርጋት ነው፤ የማቅለጫውን ኃይል መከልከል ያንን መስመር አይዘረጋም። ማቅለጫው የሚፈልገው የማይቆራረጥ ኃይል ነው፤ መብራት በሄደ ጊዜ የቀለጠው ብረት እዚያው ምድጃው ውስጥ ይረጋል፣ ውስጠኛው የጡብ ግድግዳ ይሰነጠቃል። በዚህ አካባቢ ማቅለጫ ሲታሰብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከማከፋፈያ ጣቢያው በቀጥታ የሚሳብ የራሱ መስመር ነው።