የሰርጎ ገቦች ዓላማ እንዴት ተለወጠ?

የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ የሚባለው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር፣ ወደ ስልክ ወይም ወደ መረጃ መረብ ዘልቆ የሚገባ ሰው ነው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት የሰርጎ ገቦች ዘዴ ብዙ ቢለወጥም ከዘዴው ይበልጥ የተለወጠው ዓላማቸው ሲሆን፣ በዌይጦ ወንዝ አካባቢ ከብት እያረባና ማሽላ እያመረተ የሚኖረው የአርቦሬ ሰው ወይም የጂንካ ነጋዴ ዛሬ ለምን ዒላማ ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳውም ይኸው ለውጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹን የሳበው ጉጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ኮምፒውተሮችን ሲጎረጉሩ ያደሩት የአሠራራቸውን ምስጢር ለማወቅ እንጂ ለመስረቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ ተማሪ ራሱን እያባዛ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዛመት ፕሮግራም፣ በባለሙያዎች አጠራር ዎርም፣ ለቅቆ ወደ 6,000 የሚገመቱ ኮምፒውተሮችን ባጨናነቀ ጊዜ እንኳ ከድርጊቱ ያገኘው አንዳች ገንዘብ አልነበረም፤ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ስለነበር በፍርድ ቤት ተቀጥቶበታል።

ባንኮችና ገበያዎች ወደ በይነመረብ ሲገቡ ሌባውም ተከትሏቸው ገባ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክን የሰበሩ ሰርጎ ገቦች 81 ሚሊዮን ዶላር ወስደዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር ደግሞ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ጨምሮ በብዙ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ቤዛ ጠይቋል።

ሦስተኛው ዓላማ ፖለቲካና ስለላ ሲሆን ኢትዮጵያውያን ይህን በቅርብ ያውቁታል። ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር ለሚገኙ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ተራ ሰነድ መስሎ የስለላ ሶፍትዌር በስካይፕ እንደተላከላቸው አሳይቷል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ መነሻቸው ግብፅ የሆነና ከሕዳሴው ግድብ ሙሌት ጋር የተያያዘ ዓላማ ያላቸው ቡድኖች የመንግሥትና የግል ድረ ገጾች ላይ የሰነዘሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል።

ይሁን እንጂ ለአርቦሬው ከብት አርቢና ለጂንካው ነጋዴ የሚቀርበው አደጋ ከገንዘብ የሚመጣው ነው። ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የከብት ዋጋ በስልክ ሊከፈል ስለቻለ፣ አጭበርባሪው የባንክ ኮምፒውተር መስበር ሳያስፈልገው ሰውየውን ማታለል ብቻ ይበቃዋል። አንዱ የተለመደ ዘዴ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል የሚል አጭር መልእክት ከተራ የስልክ ቁጥር ይላካል፤ ወዲያው ደዋዩ «አባቴ፣ በስህተት ነው የላክሁት፤ እባክዎ ይመልሱልኝ» እያለ ይለማመጣል፤ ሰውየውም አዝኖ «ሲመልስ» የሚልከው የገዛ ገንዘቡን ነው፤ ምክንያቱም ወደ ሒሳቡ የገባ ነገር አልነበረም። መልእክቱ በማያነበው ቋንቋ የመጣበት ሽማግሌ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማስነበቡ ግድ ስለሚሆንበት አደጋው በእርሱ ላይ ይብሳል፤ ይህም የሽማግሌው ጥፋት ሳይሆን አገልግሎቱን በየቋንቋው የማድረስ ኃላፊነት ያለባቸው ተቋማት ጉድለት ነው።

መከላከያው ከዚሁ ይነሣል። ገንዘብ መግባቱ የሚታመነው በመልእክቱ ሳይሆን የቴሌብር ቁጥር በሆነው *127# ላይ ደውሎ ቀሪ ሒሳብን በማየት ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩም ለባንክ ሠራተኛ ነኝ ባይም ሆነ መልእክት ለሚያነብ ዘመድ አይነገርም። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ በቴሌግራም የሚላክ ፋይልን ላኪው ወዳጅ ቢሆንም እንኳ ሳያጣሩ መጫን የለባቸውም፤ የወዳጁ አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ሊሆን ይችላልና። የራሳቸው አካውንት እንዳይወሰድም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከሚላከው ኮድ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው መቆለፊያ፣ ሊከፈት ይገባል።

የተታለለ ሰው በኀፍረት መልእክቱን ማጥፋት የለበትም፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት እንዲህ ያለው ማታለል የሚያስቀጣ ወንጀል ነውና፣ መልእክቱንና የደወለውን ቁጥር ይዞ ሳይውል ሳያድር ለአገልግሎት ሰጪውና ለፖሊስ ያመልክት።