ምነው ቀረህ፦ ስለ ስሬብሬኒፃ የፍንጃል መታሰቢያ

ሐምሌ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የቦስንያ ሰርቦች ሠራዊት ስሬብሬኒፃ የተባለችውን ከተማ ከያዘ በኋላ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ8,000 የሚበልጡ ሙስሊም ወንዶችንና ወንድ ልጆችን ፈጀ። ለእነዚህ ሙታን ከተደረጉት መታሰቢያዎች አንዱ ከድንጋይ ያልታነጸ፣ ከነሐስም ያልፈሰሰ፣ ነገር ግን ከነጭ ሸክላ ተሠርቶ በእሳት በተፈተነ የቡና ፍንጃል የተደራጀ ነው።

ይህን ሥራ የጀመረችው ከቦስንያው ጦርነት በ1984 ዓ.ም. የተሰደደችው ሠዓሊት አይዳ ሼሆቪች ናት። ባሏ የተገደለባት አንዲት ሴት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚናፍቃት ከእርሱ ጋር ቡና መጠጣት እንደ ሆነ መናገርዋን ሰምታ፣ በ1998 ዓ.ም. ከስሬብሬኒፃ ሴቶች ያገኘቻቸውን 923 ፍንጃሎች በሳራዬቮ አደባባይ ደረደረች፤ ስሙንም «ምነው ቀረህ» አለችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ 4 ቀን፣ ኒውዮርክንና ቬኒስን በመሳሰሉ ከተሞች እየተዘዋወረ፣ ቤተ ሰቦች በሚያዋጡት ፍንጃል ቍጥሩ ከሟቾቹ ቍጥር ከ8,372 እስኪደርስ አደገ፤ በ2012 ዓ.ም. በራስዋ በስሬብሬኒፃ ተፈጸመ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ቡናው በአደባባይ ይፈላል፤ መንገደኛው ፍንጃል አንሥቶ ቡና ይቀዳና ከሌሎቹ አጠገብ ያኖረዋል፤ ማንም አይጠጣውም። እንዲሁም በቤልጅየም፣ ኢፕር በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ሠዓሊው ኩን ቫንሜኸለን በ2010 ዓ.ም. ባሳየው ሥራ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቤልጅየም ምድር ለሞቱት 600,000 ሰዎች፣ ብዙ ሕዝብ በገዛ እጁ ከጭቃ ምስል አበጅቶላቸዋል።

በአገራችን በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር፣ የሟቾቹን ዐፅምና ፎቶግራፍ ጠብቆ ታላቅ ምስክርነት ይሰጣል፤ ጎብኚው ግን አይቶና አዝኖ ይመለሳል እንጂ የሚሠራው ነገር የለውም። ሆኖም ሕያዋን በእጃቸው ሥራ ሙታንን የሚዘክሩበት ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአማኑኤል ከተማም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ገጠር በአርባው ቀን ተዝካር ሲወጣ፣ ጎረቤቱ እንጨቱን ይፈልጣል፣ እንጀራውን ይጋግራል፣ ጠላውን ይጠምቃል፤ ድኻውም በሟቹ ስም ይጠግባል። ጋኑንና ጀበናውን ያበጁት ደግሞ ጥበባቸው ሳይከበርላቸው የኖሩት ሸክላ ሠሪዎቻችን ናቸው።

ስለዚህ፣ በዘመናችን ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋግቶ ለወደቁት ሁሉ መታሰቢያ የምናቆምበት ቀን ሲመጣ፣ ሥራውን ለአንድ ቀራጺ ብቻ ሰጥተን እኛ ተመልካች ልንሆን አይገባም። ጭቃውን የሸክላ ሠሪዎቻችን ጥበብ ያብጀው፤ ቡናውን እናቶች ያፍሉት፤ የሟቹም ወገን የትኛው እንደ ነበረ ሳይጠየቅ ሁሉም ይቅዳ። ለጠላቱ ልጅ ቡና የቀዳ እጅ ዳግመኛ ለመግደል ይከብደዋልና፣ እንዲህ ያለው መታሰቢያ ላለፉት ክብር፣ ለሚመጡትም ጥበቃ ይሆናል።