የእጅ ድካም

ገሱባ ከሶዶ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ የወላይታ ከተማ ናት። በዚያ አገር እንሰት ይተከላል። እንሰት ችኩል ገበሬን አይወድም፤ ብዙ ዓመት ይኮተኮታል፥ ፍግም ይደረግለታል። በደረሰም ጊዜ ሴቶች ፍቀው በጕድጓድ ያብላሉታል፤ ቆጮ የሚሆነው ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፥ ሰው በእጁ የሚደክመው ለራሱ ሆድ ብቻ ሳይሆን ለችግረኛም የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው ብሎ አስተማረ።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፥ ሚሲዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ከወጡ በኋላ፥ የምእመናኑ መሪዎች በሶዶ ታሰሩ። ወንድሞቻቸውም በድካማቸው ያገኙትን ምግብ ተሸክመው ወደ ወህኒ ቤቱ ሄዱ። ምግቡም ለእነርሱ ብቻ አልሆነም፤ ጠያቂ ዘመድ የሌለው እስረኛ፥ እምነታቸውን ያልተቀበለውም እንኳ፥ ከዚያው በላ።