ሞንትጎመሪ በእግሯ የሄደችባቸው 381 ቀናት

የማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በ1963 ዋሽንግተን ላይ ያሰሙት ንግግር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ንግግሩ ክብሩ ይገባዋል። ሰውየውን በንግግር ብቻ ማወቅ ግን ሠርግን በዘፈኑ ብቻ እንደማወቅ ነው፤ ማን እንጨት እንደፈለጠ፣ ማን ሲጠምቅ እንደከረመ አይታይም።

የድግሱ ጓዳ አላባማ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ተሳፋሪ መቀመጫ አልለቅም ብለው ታሰሩ። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የመብት ማኅበር ጸሐፊም ጭምር። ወሬው የደረሳቸው የኮሌጅ መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን ያን ሌሊት አልተኙም። በኮሌጁ ማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የአድማ ጥሪ አባዝተው ከተማውን አዳረሱ። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሶቹ ባዷቸውን ዋሉ ማለት ይቻላል። ገና የ26 ዓመት ወጣት የነበሩት፣ ለከተማዋም እንግዳ የሆኑት ፓስተር ኪንግ ለመሪነት የተመረጡት በዚያው ዕለት ነው። ሴቶቹ ባሰናዱት ነገር ላይ መምጣታቸውን መናገር ክብራቸውን አይቀንስም።

ከአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ጥቁር ስለነበር አድማው የኩባንያውን ኪስ ነካ። ግን የቤት ሠራተኛዋ በምን ትሂድ? መጀመሪያ ጥቁር ባለታክሲዎች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም ጫኑ። ከተማው ከታሪፍ በታች መጫን ክልክል ነው ሲል፣ ወደ 300 የሚጠጉ የግል መኪኖች መነሻና መድረሻ ተመድቦላቸው ሕዝቡን ያመላልሱ ጀመር። ኢንሹራንሳቸው ሲሰረዝ ለንደን ካለው ሎይድስ ገዙ። መኪና ያልደረሰው በእግሩ ሄደ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1956 ሚስታቸውና ሕፃን ልጃቸው ቤት ውስጥ እንዳሉ የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ። ኪንግ በረንዳው ላይ ቆመው፣ መሣሪያ ይዞ የመጣውን ጭምር፣ ሕዝቡን ወደ ቤቱ መለሱት። እንዲህ ተብሎ 381 ቀን ተዘለቀ። ነገሩን የቋጨው ግን ጎን ለጎን ሲካሄድ የቆየው ክስ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶቡስ ዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን ውሳኔ አጸና።

ሰላማዊ ትግል ልመና የሚመስለው ሰው አለ። ኪንግ ግን ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፉት ደብዳቤ፣ የሚፈልጉት ባለሥልጣን ሊሸሸው የማይችል ውጥረት መፍጠር መሆኑን አልሸሸጉም። ዘዴው ሁልጊዜ አልሠራም። በጆርጂያዋ ኦልባኒ የፖሊስ አዛዡ ሎሪ ፕሪቸት ሰልፈኛውን አደባባይ ላይ ሳያስደበድቡ እየለቀሙ በዙሪያው ባሉ እስር ቤቶች በተኑት፤ ዘመቻው ከሸፈ። በ1963 በርሚንግሃም ላይ የከተማዋ የጸጥታ ኃላፊ ቡል ኮነር በልጆች ላይ ውሻና የእሳት አደጋ ውሃ ሲለቁ ግን ዓለም አየ። ልጆችን ማሰለፉ ያን ጊዜም አከራክሯል፤ የእኔም ልብ እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ውጤቱን ግን መካድ አይቻልም፤ በዓመቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ወጣ።

በአላባማዋ ሴልማ ለመምረጥ መብት ከተካሄደው ሰልፍ በኋላ ደግሞ የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ መጣ። ሚሲሲፒ ውስጥ ለምርጫ የተመዘገበው ጥቁር 7 በመቶ አይሞላም ነበር፤ በ1967 ወደ 60 በመቶ ደረሰ።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በቀድሞው የኮታ ሕግ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የመደበችው በዓመት 100 ቦታ ብቻ ነበር። ያንን የትውልድ አገር ኮታ በኦክቶበር 1965 የሻረው፣ የመምረጥ መብቱን ሕግ ያወጣው ያው ኮንግረስ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በስደተኝነት፣ ኋላም በዲቪ የገባው ሐበሻ ዋሽንግተን አካባቢ ሲሰፍር፣ ሌሎች አስቀድመው ባስከፈቱት በር ነው የገባው።

ኪንግ በሕይወት ሳሉ እንዲህ አልተወደዱም። በ1966 ጋለፕ ከጠየቃቸው አሜሪካውያን 63 በመቶው ለእሳቸው ጥሩ አመለካከት አልነበራቸውም። በኤፕሪል 1968 የተገደሉት የሜምፊስ ቆሻሻ አንሺዎችን አድማ ሊያግዙ ሄደው ነው። ዛሬ በስማቸው በዓል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2013፣ በአድልዎ ታሪካቸው የሚታወቁ አካባቢዎች የምርጫ ደንብ ከመቀየራቸው በፊት የፌዴራል ፈቃድ እንዲያገኙ የሚያስገድደውን የመምረጥ መብት ሕጉን አሠራር ከሥራ ውጭ አድርጎታል። አሜሪካ ኖራችሁ ዜግነት ያገኛችሁ አንባቢዎች፣ ስማችሁ በመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጡ።