ሥራ የበዛባቸው ባልና ሚስት የቡና ሰዓት

ስለ ጋብቻ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሠርግ ወይም ስለ ፍቺ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዘወትር ኑሮ ግን ሁሉ ሰው የሚያውቀው ስለሚመስል ሳይመረመር ይቀራል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ኑሮ ውስጥ አንዱን ትንሽ ደስታ፥ ይኸውም ሁለቱም ከቤት ውጭ የሚሠሩ ባልና ሚስት በዕረፍት ቀን ቤታቸው አፍልተው የሚጠጡትን ቡና፥ አሠራሩንና ጥቅሙን ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ ዳርቻ፥ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ባልና ሚስት እንውሰድ። እሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፥ እሷ የባንክ ሠራተኛ ናት እንበል። ጧት ከ12 ሰዓት በፊት ይነሣሉ፤ ልጆቹን አልብሰው፥ ምሳ ዕቃ ቋጥረው ወደ ታክሲ ሰልፍ ይሮጣሉ። ማታ ሲገናኙ ንግግራቸው በአመዛኙ የመልእክት መለዋወጥ ነው፤ መብራት ተከፈለ ወይ፥ የዕድሩ መዋጮ ደረሰ ወይ፥ የልጁ ሳል ተሻለው ወይ ይባባላሉ። ይህ ንግግር ቤቱን ያስተዳድራል እንጂ ሁለቱን ሰዎች አያጫውትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ቡና ይፈላል። ጥሬው ቡና ይለቀማል፥ ይታጠባል፥ በብረት ምጣድ ይቆላል፤ ከዚያም ተወቅጦ በጀበና ይጣዳል። ከፈላም በኋላ አተላው እስኪሰክን ይጠበቃል። የመጀመሪያው አቦል፥ ሁለተኛው ቶና፥ ሦስተኛው በረካ ይባላል። ቶናና በረካ የሚፈሉት በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለ ሆነ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። እንግዲህ በረካ ድረስ የሚቀመጥ ሰው የሚቀመጠው ለቡናው ጥንካሬ ብሎ አይደለም።

በእኛ አስተያየት የሥርዓቱ ጥቅም ከመጠጣቱ ይልቅ በመጠበቁ ላይ ነው። በቡና ቤት ቆመው የሚጠጡት ማኪያቶ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ጀበና ግን ቸኩል ቢሉት አይቸኩልም። በአቦል ጊዜ የሳምንቱ ወጪና የዘመድ ወሬ ይነሣል። ጀበናው ለቶና እንደገና ሲጣድ ወሬው ጋብ ይላል። ማክሰኞ ዕለት የተቀየመ ሰው ቅያሜውን ለመናገር ድፍረት የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ዓይኑ ከሰሉ ላይ፥ እጁም ስኒው ላይ ስለ ሆነ መፋጠጥ አያስፈልገውም። በረካ ሲደርስ አንዳንዴ የሚነገር ነገር አይቀርም፤ ሁለቱም ቆሎ እየቆረጠሙ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ይህም ራሱ ደስታ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም፤ ይህን ደስታ የሚያዘጋጀው ማን ነው? በልማድ ቡና ማፍላት የሴት ሥራ ነው። ስለዚህ ለባል የዕረፍት የሆነው ሰዓት ለሚስት ሌላ የሥራ ሰዓት ይሆናል። ዕጣን ከማጤስ ጀምሮ ስኒ እስከ ማጠብ ድረስ የምትነሣውና የምትቀመጠው እሷ ናት።

ይህ ልማድ ብቻ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገው ነበር፤ በቁጥር 646 ደግሞ ባል የቤት ሠራተኛ ሊያቀርብላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። በአዲስ አበባ የሚሠራበት፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦ፥ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሆኖም በብዙ ቤት ጀበናው ዛሬም በአንድ ሰው እጅ ነው።

እርግጥ ቡና የሚቆሉና የሚወቅጡ ባሎች አሉ። ከእነሱም መካከል ጐረቤት «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ ዘነዘናውን ፈጥኖ ለሚስቱ የሚያቀብል አይጠፋም። ይህ ሰው ያፈረው በመሥራቱ ሳይሆን ሲሠራ በመታየቱ ነው። እንግዲህ የቀረው መሰናክል ሥራውን አለማወቅ ሳይሆን የሰው ዓይን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ብዙዎቻችን ከዚህ ኮሌጅ ወጥተን፥ ሥራ ይዘን፥ ትዳር መሥርተን በዚሁ ኑሮ ውስጥ እንገባለን። ባል ቡናውን ቢቆላ፥ ስኒውንም ቢያጥብ ከቀኑ ላይ የሚቀነሰው ጊዜ ጥቂት ነው። የሚገኘው ጥቅም ግን ግልጽ ነው፤ ለሌላው ስትቀዳ የራሷ ስኒ የሚቀዘቅዝባት ሚስት አቦሏን በትኩሱ ትጠጣለች፥ ደስታውም የሁለቱም ይሆናል።