የቢራቢሮዋ ሰነድ፦ የዓረቢያ ምድር የቆዩና አጠራጣሪ መዛግብት ምን ያስተምሩናል?

በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ የምትቀመጥ ቢራቢሮ ከመርፌዋ ሥር ጥፍር የምታህል ወረቀት ይዛ ትኖራለች። በዚያች ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች ሊሰፍሩ ይገባል፤ የተያዘችበት ቦታ፣ የተያዘችበት ቀንና የያዛት ሰው ስም። ክንፎቿ ምንም ያህል ቢያምሩ፣ ወረቀቷ ከጠፋች ቢራቢሮዋ ጌጥ እንጂ ማስረጃ ለመሆን አትበቃም። በአንጻሩ ክንፏ የተቀደደና ቀለሟ የደበዘዘ ብትሆንም፣ ወረቀቷ ሙሉ ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላም ቆማ ትመሰክራለች።

በዓረቢያ ባሕረ ገብ ምድር እስከ ዛሬ ወደ 150 የሚጠጉ የቢራቢሮ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አብዛኛው በረሃ ለሆነ ምድር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ግን የሚገነባው ስም በመደመር ብቻ አይደለም፤ ስም በመቀነስም ጭምር ነው። ጥንቁቅ ተመራማሪ የአንድን አገር ቢራቢሮዎች ዘርዝሮ ሲጨርስ፣ ከመጨረሻው ላይ ሌላ ትንሽ ክፍል ያክላል፤ የቆዩና አጠራጣሪ ምስክርነቶች የሚሰፍሩበትን ክፍል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ክፍል ነው።

ሰነድና መትን

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይላል የአገራችን ሰው፣ ወሬን ሳያጣራ የሚከተለውን ሲገሥጽ። አንባቢዎቻችን ይህን የማጣራት ጥበብ ከላቀ የዕውቀት ዘርፍ ያውቁታል። የሐዲስ ሊቃውንት ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተላለፈ የተባለን ቃል ከመቀበላቸው በፊት ማን ከማን እንደሰማው፣ አስተላላፊዎቹ በእርግጥ ተገናኝተው እንደሆነ፣ እውነተኛነታቸውና የማስታወስ ችሎታቸው ምን ይመስል እንደነበር መርምረዋል። ሰንሰለቱን «ሰነድ»፣ የተላለፈውን ቃል «መትን» ብለው ሁለቱንም ለየብቻ መዝነዋል። አማርኛችንም «ሰነድ» የሚለውን ቃል ከዓረብኛው ጋር ይጋራል፤ ማስረጃ የሚሆን ጽሑፍ ማለት ነው።

የዲን ዕውቀት ከነፍሳት ጥናት ጋር በክብር አይነጻጸርም። የማጣራቱ ሥርዓት ግን ለማንኛውም ዜና ይጠቅማል። የቢራቢሮዋ አካል እንደ መትን፣ ወረቀቷ እንደ ሰነድ ናቸው። አካሏ ቀርቶ ወረቀቷ የጠፋ አለች፤ ወረቀቷ ቀርቶ አካሏ የጠፋ አለች፤ ሁለቱም እያሉ እርስ በርስ የማይስማሙም አሉ።

በዚህ ምድር የመጠራጠር ልማድ አዲስ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በበስራ የኖረው አል-ጃሒዝ «ኪታብ አል-ሐየዋን» በተሰኘው ታላቅ ሥራው ስለ እንስሳት የሚነገሩ ወሬዎችን ሲሰበስብ፣ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢከበር ያልተረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ነው ከማለት አልተመለሰም። ሆኖም በጥንቱ ጽሑፍ ውስጥ የአንድን ዝርያ ምስክርነት የሚፈልግ ሰው እንቅፋት ይገጥመዋል። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ቃሪዓህ የሚያነሳው «ፈራሽ» የሚለው ቃል፣ አማርኛ ለሁለት ከፍሎ «ቢራቢሮ» እና «የእሳት እራት» የሚላቸውን ሁለቱንም ያቅፋል። ስለዚህ በአንድ የቆየ መጽሐፍ «ፈራሽ» ታየ ስለተባለ ብቻ የትኛው ዝርያ እንደነበረ ማወቅ አይቻልም።

ቦታው ሲጠፋ

በሳይንሳዊ መንገድ የዓረቢያን ፍጥረታት መመዝገብ ከተጀመረባቸው ጉዞዎች ቀዳሚው የዴንማርክ ንጉሥ የላከው ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 ከኮፐንሃገን ከተነሱት ስድስት ሰዎች መካከል የሊኒየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ፒተር ፎርስኮል ይገኝበታል። ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን፣ በያሪም ከተማ በወባ ሞተ። ከስድስቱ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር፤ የጓደኛውንም ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1775 አሳተመለት። ከሰበሰባቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ በረጅሙ መንገድ ተበላሽተዋል። ናሙናው የጠፋበት ማስታወሻ፣ ጸሐፊው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ተመልሶ ሊፈተሽ አይችልም።

ከእርሱ በኋላ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1820ዎቹ በቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች ላይ ሰብስበዋል። ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 ምፅዋ ላይ ሞተ። የሰበሰቧቸውን ቢራቢሮዎች የበርሊኑ ሊቅ ክሉግ እ.ኤ.አ. ከ1829 ጀምሮ ሰየማቸው። በዚያ ዘመን ግን በመለያ ወረቀት ላይ «የታደለችው ዓረቢያ» ብሎ መጻፍ በቂ ይመስል ነበር። ይህ ስም የመንንና አካባቢዋን በሙሉ ያጠቃልላል፤ ከቲሃማ ሞቃት ሜዳ እስከ ሰንዓ ብርዳማ ደጋ። ቢራቢሮዎች ደግሞ ቆላንና ደጋን ከሰው ይልቅ አጥብቀው ይለያሉ።

ሌላው የጥርጣሬ ምንጭ የወደብ ስም ነው። ኤደን የብዙ መርከቦች መናኸሪያ ስትሆን ማዶ ያለው የበርበራ ዳርቻም እስከ 1898 ድረስ ከእርሷ ይተዳደር ነበር። ሻለቃ የርበሪ በኤደን የሰበሰባቸውን ቢራቢሮዎች በትለር እ.ኤ.አ. በ1884 በለንደን ሲያትም ሰብሳቢውም ቦታውም የታወቁ ነበሩ፤ እንዲህ ያለው ምስክርነት ጠንካራ ነው። ሰብሳቢው ሳይታወቅ «ኤደን» የሚል ወረቀት ብቻ ያላት ቢራቢሮ ግን ሌላ ነገር ናት። ተይዛ የነበረው በኤደን ይሁን ወይስ ከሶማሌ ዳርቻ መጥታ ከኤደን በመርከብ ተልካ ይሁን፣ ወረቀቷ አይነግረንም።

ቦታ የመጥፋቱ ነገር ከወረቀትም በፊት የነበረ ነው። በግብፅ ከ3,300 ዓመታት በፊት በተሠራው የነባሙን መቃብር ግድግዳ ላይ ቢራቢሮዎች ተሥለዋል፤ ሥዕሉም ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሠዓሊው ነጥብና ጠርዟን ጠንቅቆ በመሣሉ፣ ዳናውስ ክሪሲፑስ የምትባለውን ብርቱካናማ ቢራቢሮ ተመራማሪዎች ለይተው አውቀዋታል። ሥዕሉን በ1820ዎቹ ያወጣው ሰው ግን ትክክለኛውን ቦታ ሳይናገር ስለሞተ፣ መቃብሩ በሉክሶር ማዶ የት ላይ እንደሆነ ዛሬ አይታወቅም። መትኑ አለ፤ ሰነዱ ግን ተቆርጧል።

ስሙ ሲለወጥ፣ መልኩ ሲያሳስት

ይህችው ክሪሲፑስ በሳይንስ መዝገብም ታሪክ አላት። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ሲሰይማት አገሯ ግብፅና አሜሪካ ነው ብሎ ጻፈ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ተመራማሪዎች ለስሙ መነሻ የሆነውን ናሙና አገር የደቡብ ቻይናዋ ካንቶን ነው ብለው ወሰኑ። የታላቁ ሊቅ ቃልም ቢሆን ከምርመራ አላመለጠም።

የስም መለዋወጥ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። በሎሚና በብርቱካን ዛፍ ላይ አባጨጓሬያቸው የሚያድግ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለም ያላቸው ሁለት ትልልቅ ቢራቢሮዎች አሉ። ፓፒሊዮ ዴሞዶኩስ አፍሪካዊ ሲሆን በደቡብ ምዕራብ ዓረቢያም ይኖራል፤ ፓፒሊዮ ዴሞሌዎስ እስያዊ ሲሆን በኦማንና በኤምሬትስ አትክልት ስፍራዎች ይታያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን አንዳንድ ጸሐፍት የአፍሪካውንም «ዴሞሌዎስ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ዛሬ አንድ ሰው የዚያን ዘመን ዝርዝር ከፍቶ ስሙን ብቻ ቢያነብ፣ እስያዊው ቢራቢሮ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ዳርቻ ደርሶ ነበር ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ስሕተቱ የጸሐፊው አይደለም፤ ስሙ ከእርሱ በኋላ ተለውጦ ነው።

መልክም ያሳስታል። ሂፖሊምናስ ሚሲፑስ የተባለችው ቢራቢሮ ሴቷ ክሪሲፑስን ቁርጥ ትመስላለች። ክሪሲፑስ መራራና መርዛማ ስለሆነች ወፎች ይሸሿታል፤ ሚሲፑስ መርዝ ባይኖራትም በመልኳ ትድናለች። ልዩነታቸው በኋላ ክንፍ መሃል ያሉት ጥቁር ነጥቦች ናቸው፤ ክሪሲፑስ ቢያንስ ሦስት ሲኖሯት ሚሲፑስ ከክንፉ የላይ ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ አላት። ስለዚህ «ስትበር አየኋት» የሚል ምስክርነት፣ ተናጋሪው የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን፣ ለሁለቱ አይበቃም። ወፍን ያታለለች ሰውን ማታለል አያቅታትም።

ሆን ተብሎ የተፈበረከ ምስክርነትም አልጠፋም። ታዋቂው ምሳሌ ከእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1702 ለአንድ ሰብሳቢ የተላከች ልዩ ቢራቢሮ ሊኒየስን ጭምር አሳምና አዲስ ስም ተሰጥቷት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1793 ፋብሪሲየስ ሲመረምራት ግን በተለመደች ቢጫ ቢራቢሮ ላይ በቀለም የተሣለ ነጠብጣብ ሆኖ ተገኘ። ለዘጠና ዓመት ገደማ የጸናው «መውዱዕ» አንድ ሰው ቀርቦ ስላየው ፈረሰ።

እንግዳና ነዋሪ

መጠራጠር ግን መካድ አይደለም። ቫኔሳ ካርዱይ የምትባለው ስደተኛ ቢራቢሮ ትውልድ በትውልድ እየተቀባበለ ሰሐራንና ባሕሮችን ታቋርጣለች፤ ቀይ ባሕርም አያግዳትም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ከእነዚህ ቢራቢሮዎች ጥቂቶቹ በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጉያና የባሕር ዳርቻ ላይ ተገኙ። ዝርያዋ በዚያ አትኖርም። ተመራማሪዎች ወሬውን አልጣሉትም፤ ወዲያውም አላመኑትም። በሰውነታቸው ላይ የተጣበቀውን የአበባ ብናኝ፣ ዘረ መላቸውንና በክንፋቸው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ አሻራ መረመሩ። ብናኙ ከምዕራብ አፍሪካ ዕፅዋት የመጣ ነበር፤ አንዱም እኛ ቁርቁራ፣ ዓረቦች ሲድር የሚሉት ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ቢራቢሮዎቹ ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ አትላንቲክን አቋርጠው መምጣታቸውን አሳየ። የማይመስለው ነገር እውነት ሆኖ የተገኘው አካሉ ስለተጠበቀ፣ ቦታውና ቀኑም ስለታወቀ ነው።

ይህም ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ በአንድ አገር መታየት በአገሩ መኖር አይደለም። በነፋስ የመጣች አንዲት ቢራቢሮ እንግዳ ናት። እንቁላሏን ጥላ፣ አባጨጓሬዋ ቅጠል በልቶ፣ ልጆቿ በዓመቱ ከበረሩ ነዋሪ ሆነች ይባላል። ብዙ የቆዩ ዝርዝሮች ግን ሁለቱን በአንድ ረድፍ ያሰፍሯቸዋል።

ለምን ይጠቅማል?

የዴንማርኩ ተወላጅ ቶርበን ላርሰን እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ባሳተማቸው ሥራዎች የዓረቢያን ቢራቢሮዎች ታሪክ በአንድነት ባያሰፍር ኖሮ፣ የዛሬ ተመራማሪ ከምን እንደሚነሳ አያውቅም ነበር። ጥያቄው የሰብሳቢዎች ብቻ አይደለም። በኦማን የዶፋር ተራሮች በኸሪፍ ወራት በጉም ሲሸፈኑ የሚለመልመው ጫካ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የሚዛመዱ ቢራቢሮዎችን ያኖራል። ጫካው ቢሳሳና አንዱ ዝርያ ባይታይ «ጠፋ» ለማለት፣ በፊት በእርግጥ እንደነበረ ማወቅ አለብን። የቆየው ምስክርነት ሐሰት ከሆነ ላልነበረ ነገር እናዝናለን። እውነት ሆኖ ሳለ ከጣልነው ደግሞ የጠፋውን ሳናውቅ እንቀራለን። በየዓመቱ የሚጨምረው ሙቀት፣ በመስኖ የለሙ አትክልቶችና ከውጭ የሚገቡ ችግኞች አዳዲስ ዝርያዎችን ሲያመጡም፣ «አዲስ መጤ» የሚለው ፍርድ የሚቆመው በአሮጌው መዝገብ ላይ ነው።

ስለዚህ አጠራጣሪውን ምስክርነት ከመዝገብ መፋቅ አይገባም፤ ከጸኑት ጋር መቀላቀልም አይገባም። ስሙ፣ ምንጩና የተጠረጠረበት ምክንያት ተጽፎ ለብቻው ይቀመጣል። ነገ ሌላ ሰው የጎደለውን ሊያገኝ ይችላልና።

የእኛ ድርሻ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአትክልት ስፍራ፣ በእርሻና በመኖሪያ ቤት ግቢ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን፣ ተመራማሪ በማይደርስበት ሰዓትና ቦታ ከቢራቢሮዎች ጋር ይውላሉ። ከእነርሱ አንዱ በሎሚ ቅጠል ላይ ያየውን አባጨጓሬ፣ ሌላዋ በመስኮት ያረፈችውን ቢራቢሮ በስልክ ብትቀርጽ ምስክርነት ልትሆን ትችላለች። መያዝም መግደልም አያስፈልግም። የክንፉን የላይና የታች ገጽ የሚያሳይ ምስል፣ ቀኑ፣ የቦታው ስምና ያረፈችበት ተክል ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በዋትሳፕ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ምስል ከዋናው ፋይል ጋር የነበረውን የቦታና የጊዜ መረጃ ይዞ አይሄድም። ሦስተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ ማን፣ የት፣ መቼ እንዳነሳው የሚያውቅ የለም። ያም ወረቀቷን የጣለች የመሳቢያዋ ቢራቢሮ ማለት ነው። ስለዚህ የራስን ምስል ሲልኩ ቦታውንና ቀኑን በጽሑፍ አብሮ መላክ፣ የሌላውን ሲያስተላልፉ ደግሞ ባለቤቱን ጠይቆ መጻፍ ይገባል። ካላወቁም «አላውቅም» ብሎ መጻፍ ከግምት ይሻላል፤ በቀድሞዎቹ ሊቃውንት ዘንድም «አላውቅም» ማለት የዕውቀት አካል ነበር።