የጃፓን ወግ ከደፉ ይጀምራል

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጃፓን የሚጓዝ ሰው የሚደርሰው ምክር ብዙውን ጊዜ «ይህን አታድርግ፣ ያን አትንካ» የሚል የክልከላ መዓት ነው። እሱን ከመሸምደድ ከጀርባው ያለውን ሐሳብ መያዝ ይሻላል። ጃፓኖች «ሜይዋኩ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ በሌላ ሰው ላይ የሚወድቅ ጣጣ ማለት ነው። የዕለት ተዕለት ወጋቸው በአብዛኛው የተበጀው ከእኛ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የእኛን ጣጣ እንዳይወርስ ነው።

ነገሩ ከበሩ ይጀምራል። ጌንካን የሚባለው መግቢያ ከቤቱ ወለል ዝቅ ያለ ነው፤ ጫማ እዚያ ይወልቅና አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ ይቀመጣል። ከዚያ በነጠላ ጫማ ይገባል፤ ታታሚ የተባለው የሣር ምንጣፍ ላይ ሲደረስ እሱም ይወልቃል፤ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ለብቻው የራሱ ነጠላ ጫማ አለው። እኛ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ጫማ የምናወልቀው ለቦታው ቅድስና ብለን ነው። እዚያ ግን ታታሚው ሰው የሚቀመጥበት፣ ማታም ፍራሽ አንጥፎ የሚተኛበት ስለሆነ የውጭ እድፍ እንዳይነካው ነው። መታጠቢያው ጋ ሐሳቡ ይበልጥ ይጎላል። ኦንሰን በሚባሉት ፍል ውኃዎች ገንዳ ውስጥ የሚገባው ለመታጠብ ሳይሆን ታጥቦ ለመዘፍዘፍ ነው። መጀመሪያ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና መታጠብ፣ አረፋው እስኪጠፋ መለቃለቅ፣ ረጅም ፀጉርንም ወደ ላይ ማሰር ያስፈልጋል፤ ትንሿ ፎጣም ገንዳው ውስጥ አትነከርም። በየቤቱም ቢሆን ቤተሰቡ በየተራ የሚገባው በዚያው በአንድ ውኃ ነው።

«ታዲያ ኑድል ሲበሉ ድምፅ እያሰሙ መማግ የማያሳፍር፣ ባቡር ውስጥ በስልክ ማውራት የሚያስነውር ለምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ምግብ ቤት ያለው ሁሉ የመጣው ሊበላ ስለሆነ የመማጉ ድምፅ ማንንም አይረብሽም፤ ባቡር ውስጥ የሚያወራ ግን መሄጃ የሌላቸውን ተሳፋሪዎች የራሱን ጉዳይ በግድ ያሰማቸዋል። ቆሻሻም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ የሳሪን መርዝ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ከብዙ ጣቢያዎች የቆሻሻ መጣያዎች ተነሡ፤ ሰዉ ግን ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ መግባትን ለመደ። በዚህ ሐሳብ የማይፈታ ወግም አለ። ሃሺ በሚባሉት የመመገቢያ እንጨቶች ምግብ ከእንጨት ወደ እንጨት አይቀባበሉም፤ ዘመዶች የተቃጠለውን አስከሬን አጥንት በእንጨት የሚለቅሙበትን የቀብር ሥርዓት ያስታውሳልና። ጉርሻ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ከባድ ነው፤ ፍቅሩን መግለጽ ከፈለገ ምግቡን ትንሽ ሳህን ላይ አድርጎ ይስጥ።

«ለውጭ አገር ሰው ይቅር ይላሉ» የሚባለውም እውነት ነው፤ ግን ይቅርታው ድካሙን አያስቀርም። በሰው ቤት ቀድሞ እንዲታጠብ የተጋበዘ እንግዳ ገንዳ ውስጥ በሳሙና ታጥቦ፣ ለጨዋነት ብሎ ውኃውን አፍስሶ ቢወጣ ባለቤቶቹ ምንም አይሉትም። ፈገግ ብለው ደህና እደር ይሉትና ገንዳውን አጥበው፣ እንደገና ሞልተው፣ ውኃው እስኪሞቅ ተራቸውን ይጠብቃሉ።